ለተሳቢ እንስሳት ቤት የሠሩት ሚስ ጆአን ፕሮክተር

እስስትን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም ለማለት ይቻላል። ቃሉን የማይጠብቅ ሰው ባጋጠመን ጊዜ እንደ እስስት ተለዋዋጭ ነው እያልን ስሟን በክፉ እናነሣለን። ብዙ ሰው ደግሞ ባያት ጊዜ ይሸሻታል። አንዳንድ ደፋር ልጅ ግን ከአጥር ላይ ያገኛትን እስስት በእንጨት አንሥቶ ወደ ቤቱ ይወስዳታል። በካርቶን ውስጥ ያስቀምጣታል፤ ቅጠል ይጐዘጕዝላታል፤ ውሃ በቆርቆሮ ክዳን፣ ፍርፋሪ በወረቀት ላይ ያቀርብላታል። እስስቲቱ ግን ከውሃውም አትጠጣ፣ ከፍርፋሪውም አትቀምስ። ጥቂት ቀን ጠቁራና ዓይኗን ጨፍና ከሰነበተች በኋላ ሞታ ትገኛለች። ልጁም አዝኖ ይቀብራትና ነገሩን ይረሳዋል።

ይህ ልጅ ክፉ አልነበረም። ምግብም፣ ውሃም፣ መጠለያም ሰጥቷል። የጐደለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ይኸውም ይህች ፍጥረት በተወለደችበት ዱር ሳለች ምን ታገኝ ነበር የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ የዕድሜ ልክ ሥራቸው አድርገው የያዙ፣ ራሳቸውም ከሕመም ጋር እየታገሉ ለእባብና ለእንሽላሊት፣ ለኤሊና ለአዞ የሚስማማ ቤት የሠሩ አንዲት እንግሊዛዊት ነበሩ። ስማቸው ሚስ ጆአን ፕሮክተር ይባላል። የሕይወታቸው ታሪክ ለተማሪውም ሆነ ሥራ ለጀመረው ወጣት የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘነው ለዛሬው የእሑድ ዓምዳችን መርጠነዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሚስ ፕሮክተር በነሐሴ 5 ቀን 1897 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በአክሲዮን ገበያ የሚሠሩ ሰው ሲሆኑ፣ እናታቸው የሥዕል ሙያ ነበራቸው። የእናታቸውም አባት የዕፀዋትና የድንጋይ ዓይነት እየሰበሰቡ የሚመረምሩ ሰው ነበሩ። እንግዲህ ከአንዱ ወገን የሥዕልን ዓይን፣ ከሌላው ወገን የፍጥረትን ፍቅር ወረሱ ማለት ነው። ሁለቱም በኋላ በአንድ ሥራ ላይ ተገናኝተው እናያቸዋለን።

በልጅነታቸው የሌሎች ልጆች ጨዋታ አሻንጕሊት ሲሆን፣ የእሳቸው ግን እንሽላሊትና እባብ ነበር። ዐሥር ዓመት በሞላቸው ጊዜ በቤት ውስጥ እነዚህን እንስሳት እየሰበሰቡ ማሳደግ ጀምረው ነበር። አንድ ትልቅ እንሽላሊት ከሁሉ ይበልጥ ይወዱ ስለ ነበር ወደሚሄዱበት ይዘውት ይሄዱ ነበር፤ በምግብ ሰዓትም ገበታው ላይ ከጐናቸው ይቀመጥ ነበር። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናቸው ደግሞ ትንሽ አዞ አገኙ። ይህንንም አዞ ወደሚማሩበት ወደ ሴንት ፖል የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ይዘው በመሄድ በሒሳብ ክፍል ውስጥ ይዘውት ገቡ። በዚያ ሰዓት መምህሪቱና ጓደኞቻቸው ምን ያህል እንደ ተደናገጡ አንባቢ ሊገምት ይችላል።

ነገር ግን ይህች ደስተኛና ደፋር ልጅ ከታናሽነቷ ጀምሮ ጤና አልነበራትም። ጽኑ የአንጀት ሕመም ይዟቸው በየጊዜው አልጋ ላይ ይጥላቸው ነበር፤ ብዙ ጊዜም በቀዶ ሕክምና ታክመዋል። በትምህርታቸው ጐበዝ ስለ ነበሩ ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ተስፋ ነበራቸው። ይሁን እንጂ ሕመሙ ከለከላቸው። የዩኒቨርሲቲ በር የተዘጋበት ወጣት ብዙ ጊዜ የዕውቀትም በር የተዘጋበት ይመስለዋል። ሚስ ፕሮክተር ግን ሌላ በር አንኳኩ።

በዚያ ዘመን በሎንዶን የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ውስጥ የተሳቢ እንስሳትና የዓሣ ክፍል ኃላፊ የነበሩት በዓለም የታወቁት ሊቅ ጆርጅ አልበርት ቡላንዤ ነበሩ። እኒህም ሊቅ የልጅቱን ጥያቄና ትጋት ተመልክተው በ1916 ዓ.ም. ረዳታቸው አድርገው ወሰዷቸው። በዓመቱም ሚስ ፕሮክተር ገና የሃያ ዓመት ወጣት ሳሉ ለሎንዶን የእንስሳት ጥናት ማኅበር አባል ሆነው ተመረጡ፤ ስለ መርዘኛ እባብም የጻፉት የመጀመሪያ ጥናት ለማኅበሩ ቀረበ። ቡላንዤ በ1920 ዓ.ም. ሥራቸውን በተዉ ጊዜ የክፍሉ ኃላፊነት በእሳቸው ላይ ወደቀ። በዚያም እስከ 1923 ዓ.ም. ድረስ ሠሩ።

በቤተ መዘክሩ ሳሉ ካደረጓቸው ምርምሮች አንዱ የአፍሪካን ምድር የሚመለከት ነው። በኬንያና በታንዛንያ ድንጋያማ ቦታ የምትኖር፣ ድንጋይዋ እንደ ሌሎች ኤሊዎች ጕብ ያላለና ጠንካራ ያልሆነ፣ ጠፍጣፋና ተለማጭ የሆነ አንዲት ኤሊ አለች። አደጋ ባየች ጊዜ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ትሸጐጣለች። ሚስ ፕሮክተር የዚህችን ኤሊ የአጥንት አሠራር መርምረው በ1922 ዓ.ም. አሳተሙ። ከዚህ ጥናት ልብ ልንለው የሚገባን ነገር አለ። የእንስሳው አካል የሚኖርበትን ቦታ ይመስላል። ኤሊዋን ለማወቅ ድንጋዩን ማወቅ ያስፈልጋል። ሚስ ፕሮክተርም በጠርሙስ ከተቀመጠው የሞተ እንስሳ ወደ ሕያው እንስሳ በተሸጋገሩ ጊዜ ይህንኑ ሐሳብ ይዘው ሄዱ።

የሎንዶን መካነ አራዊት በ1828 ዓ.ም. የተከፈተ ሲሆን፣ በ1849 ዓ.ም. በዓለም የመጀመሪያ የሆነውን የተሳቢ እንስሳት ቤት ያቋቋመ ነው። ሁለተኛውና የተሻለው ቤት በ1883 ዓ.ም. ተከፈተ። በእነዚያ ዘመናት ስለነዚህ ፍጥረታት አያያዝ የሚታወቀው ጥቂት ነበር። ሥራውም አደገኛ ነበር፤ በ1852 ዓ.ም. አንድ ጠባቂ በኮብራ ተነድፎ ሞቷል። የእንስሳቱም ሞት የበዛ ነበር። ከበረሓ የመጣው እንሽላሊትና ከእርጥብ ጫካ የመጣው እባብ በአንድ ጣራ ሥር፣ በአንድ ዓይነት ሙቀት፣ የፀሐይን ኃይል በሚያስቀር መስተዋት ውስጥ ይቀመጡ ነበር። ሲሞቱም ሌላ ከባሕር ማዶ ይመጣል።

በ1923 ዓ.ም. ሚስ ፕሮክተር የዚህ መካነ አራዊት የተሳቢ እንስሳት ክፍል ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። በዚህ ሥራ ላይ የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት እሳቸው ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ገና ሃያ ስድስት ዓመት ነበር። ቀጭንና በሽተኛ የሆኑት እኒህ ወጣት ትልልቅ ዘንዶዎችንና አዞዎችን በእጃቸው ሲይዙ፣ የታመሙትንም ሲያክሙ ሕዝቡ እያየ ይደነቅ ነበር። ጋዜጦችም ስለ እሳቸው ደጋግመው ጻፉ። እሳቸው ግን ዝናውን ትተው ሐሳባቸውን በአንድ ነገር ላይ አደረጉ፤ ይኸውም አዲስ ቤት መሥራት ነው።

የሥዕል ውርሳቸው ከሳይንሱ ጋር የተገናኘው በዚህ ጊዜ ነው። አስቀድመው በ1924 ዓ.ም. ለተከፈተው የዓሣዎች ቤት የድንጋዩን አቀማመጥና የጀርባውን ትዕይንት በማዘጋጀት ችሎታቸውን አሳይተው ነበር። ለተሳቢዎቹ ቤት ደግሞ ዕቅዱን ራሳቸው አውጥተው፣ ኤድዋርድ ጋይ ዶበር ከተባሉት መሐንዲስ ጋር ሆነው በ1926 እና በ1927 ዓ.ም. አሠሩት።

የቤቱ አሠራር ምን እንደ ነበር በአጭሩ ማስረዳት ይገባናል።

የመጀመሪያው ነገር ሙቀት ነው። ሰው፣ ላምና ወፍ ሙቀታቸውን ከውስጣቸው ያወጣሉ። እንሽላሊት፣ እባብና እስስት ግን ሙቀትን የሚያገኙት ከውጭ ነው። ማለዳ ፀሐይ ላይ ይወጣሉ፤ ሲበቃቸው ወደ ጥላ ይመለሳሉ። ሙቀት ካጡ የበሉት አይፈጭላቸውም፤ ሙቀት ከበዛባቸውም ይሞታሉ። ስለዚህ ቤቱን በሙሉ በአንድ ልክ ማሞቅ ጥቅም የለውም። ሚስ ፕሮክተር ኤሌክትሪክን ተጠቅመው የየክፍሉ ሙቀት እንደ ነዋሪው እንስሳ ፍላጎት ለየብቻ እንዲስተካከል አደረጉ። በዚያ ጊዜ ይህ አዲስ ነገር ነበር።

ሁለተኛው ነገር ብርሃን ነው። ከፀሐይ የሚመጣና በዓይን የማይታይ አልትራቫዮሌት የተባለ ጨረር አለ። ይህ ጨረር በቆዳ ላይ ሲያርፍ ሰውነት ቪታሚን ዲ የተባለውን ነገር ይሠራል፤ ያለ እሱ አጥንት ይለፈሰፈሳል። በ1919 ዓ.ም. አንድ የጀርመን ሐኪም አጥንታቸው የተጣመመ ሕፃናትን በጨረር መብራት ለመፈወስ እንደሚቻል ካሳዩ ወዲህ ነገሩ በሊቃውንት ዘንድ ታወቀ። የተለመደው የመስኮት መስተዋት ግን ይህን ጠቃሚ ጨረር ያስቀራል። እንስሳው በመስተዋት ውስጥ ፀሐይ እያየ፣ ከፀሐይ የሚያስፈልገውን ሳያገኝ ይቀራል ማለት ነው። ሚስ ፕሮክተር ጨረሩን የሚያሳልፍ ቪታግላስ የተባለ አዲስ መስተዋትና የአልትራቫዮሌት መብራት በቤቱ ውስጥ እንዲገባ አደረጉ።

ሦስተኛው ነገር የቦታው መልክ ነው። ለየእንስሳው የተወለደበትን አገር የሚመስል ድንጋይ፣ አሸዋ፣ ውሃና ቅርንጫፍ ተዘጋጀለት፤ ከበስተጀርባውም የአገሩ ትዕይንት ተሳለለት። ጐብኝዎች የሚያልፉበት አዳራሽ ጨለም እንዲል ተደርጐ፣ ብርሃኑ የሚመጣው ከእንስሳቱ ክፍል ብቻ ነበር። በዚህም ምክንያት ጐብኚው በመስተዋቱ ላይ የራሱን ፊት ሳይሆን እንስሳውን አጥርቶ ያያል። ለጠባቂዎቹም ደኅንነት ጥንቃቄ ተደረገ።

አሁን በመጀመሪያ ወደ አነሣናት እስስት እንመለስ። የሚስ ፕሮክተርን ጥያቄ ይዘን ብንመለከታት በካርቶን ውስጥ የሞተችበት ምክንያት ግልጽ ይሆንልናል። እስስት የዛፍ ፍጥረት ናት፤ እግሯ ቅርንጫፍ ለመጨበጥ የተሠራ ነው፤ ስለዚህ ለእሷ የሚሠራው ቤት ከስፋቱ ቁመቱ ሊበልጥ፣ በውስጡም ቀጫጭን ቅርንጫፍና ለምለም ቅጠል ሊኖረው ይገባል። አየር እንዲዘዋወር ግድግዳው ወንፊት ቢሆን ይሻላል። ከሳሕን ላይ የረጋ ውሃ መጠጣት አታውቅም፤ የምትጠጣው በቅጠል ላይ ያረፈውን ጤዛና የዝናብ ጠብታ ነው፤ ስለዚህ ቅጠሉ ላይ ውሃ ይረጭላታል። ፍርፋሪ አትበላም፤ የምትበላው በረጅም ምላሷ ወርውራ የምትይዘውን ሕያው ነፍሳት ነው። ለብቻዋ መኖር ትወዳለች፤ ሌላ እስስት ከተጨመረባት ትጨነቃለች። የሚሞቅ ቦታና የሚቀዘቅዝ ጥላ አጠገብ ለአጠገብ ያስፈልጋታል፤ ሌሊት ደግሞ ቅዝቃዜ ይስማማታል፤ በተለይም እንደ ባሌ ባለ ደጋ ለሚኖሩት ዓይነቶች።

የመልኳም መለዋወጥ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ለማታለል ብቻ አይደለም። ሙቀት ስትፈልግ ፀሐይን ለመሳብ ትጠቁራለች፤ ስትቈጣ፣ ስትፈራና ስትታመምም መልኳ ይለወጣል። ስለዚህ የምናማው ጠባይዋ ለሚያስተውል ጠባቂ ንግግሯ ነው። የጨረሩም ነገር ቢሆን ከሚስ ፕሮክተር በኋላ በሚገባ ተረጋግጧል። በ2009 ዓ.ም. በወጣ አንድ ጥናት፣ የማዳጋስካር እስስቶች በምግባቸው ውስጥ ቪታሚን ዲ ሲያንስባቸው ወደ ጨረሩ ይበልጥ እንደሚወጡ፣ ሲበቃቸውም እንደሚሸሹት ታውቋል። እንስሳይቱ የሚያስፈልጋትን ታውቃለች፤ ከጠባቂዋ የምትፈልገው ምርጫውን እንዳይነሣት ነው።

አዲሱ የተሳቢዎች ቤት በ1927 ዓ.ም. ተከፈተ። በዚያው ዓመት በሳይንስ ዘንድ ከታወቁ ገና ዐሥራ አምስት ዓመት የሆናቸው ሁለት ታላላቅ እንሽላሊቶች ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች ሎንዶን ደረሱ። እነዚህ እኛ አርጃኖ ከምንለው ወገን ሆነው፣ በመጠን ግን እጅግ የሚበልጡት የኮሞዶ እንሽላሊቶች ናቸው። አጋዘን ጥለው የሚበሉ ስለ ሆኑ ሰው ሁሉ እንደ ተረት ዘንዶ ይፈራቸው ነበር። ሱምባና ሱምባዋ የሚል ስም ወጣላቸው።

ሚስ ፕሮክተር ሱምባዋን በትዕግሥት አለመዱት። በጥቅምት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በማኅበሩ የሊቃውንት ጉባኤ ላይ ስለዚሁ እንስሳ ጥናት ባቀረቡ ጊዜ ሱምባዋን አብረው ይዘውት ገቡ። ከእጃቸውም ዶሮና እንቁላል ተቀብሎ ሲበላ፣ ሊቃውንቱ መካከልም ሳይጣላ ሲዘዋወር ታየ። ይህ ለትርኢት የተደረገ ብቻ አልነበረም። የሚያስፈልገውን ያገኘና ያልተንገላታ እንስሳ ጨካኝ ነው የተባለው እንኳ ሰላማዊ ሊሆን እንደሚችል በዓይን የሚታይ ማስረጃ ነበር።

ነገር ግን የእንስሳቱ ጤና እየተሻሻለ ሲሄድ የጠባቂያቸው ጤና እየወደቀ ሄደ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሚስ ፕሮክተር መራመድ እያቃታቸው ስለ መጣ በመካነ አራዊቱ ውስጥ የሚዘዋወሩት በሞተር በሚሄድ ወንበር ነበር። ሕመሙ ሳያስተኛቸው አድሮ በማግሥቱ ሥራቸው ላይ ይገኙ ነበር። በ1931 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር የሚገኘው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክተርነት ሰጣቸው። በሕመም ምክንያት ዩኒቨርሲቲ ሳይገቡ የቀሩት ሴት በዚህ ዓይነት ከዩኒቨርሲቲ ክብር ተቀበሉ። ይሁን እንጂ ደስታው ብዙ አልቆየም፤ በዚያው ዓመት በመስከረም 20 ቀን በተወለዱ በሠላሳ አራት ዓመታቸው በነቀርሳ በሽታ ሞቱ።

ከእብነ በረድ የተሠራ የመታሰቢያ ምስላቸው ባሠሩት ቤት ውስጥ ቆመላቸው። ከሁሉ የሚበልጠው መታሰቢያ ግን ቤቱ ራሱ ነው። በመካከሉ የዓለም ጦርነት መጣ፤ ብዙ ሕንፃ ፈረሰ፤ ብዙ አሠራርም ተለወጠ። የሚስ ፕሮክተር ቤት ግን ከዘጠና ዓመታት በላይ ተሳቢ እንስሳትን አኖረ። በ2024 ዓ.ም. በሎንዶን መካነ አራዊት አዲስ የተሳቢዎችና የእንቁራሪቶች ቤት ሲከፈት እሱም ቢሆን የቆመው በዚያው በጥንቱ ሐሳብ ላይ ነው፤ ለየፍጥረቱ የየራሱ ሙቀት፣ የየራሱ ብርሃንና የየራሱ እርጥበት።

ይህን ታሪክ ያነበበ ወጣት ወዲያውኑ ሄዶ እስስት እንዲይዝ አንመክርም። ዛሬ የብዙ እስስት ዓይነቶች ንግድ በ1973 ዓ.ም. በዋሽንግተን በተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሥር የሚቆጣጠሩት ነው፤ የዱር እስስትም ከሁሉ የሚሻላት ቤት ያው ቁጥቋጦዋ ነው። ይልቅስ በአጥር ላይ ስትሄድ ባየናት ጊዜ ቆም ብለን እናስተውላት፤ ለምን ወደ ፀሐይ እንደ ዞረች፣ ለምን እንደ ጠቈረች እንጠይቅ። ሚስ ፕሮክተርም የጀመሩት በዚሁ ነበር።

ለተማሪው የሚሆነው ትምህርት ይህ ነው፤ አንድ በር ቢዘጋ ዕውቀትን የሚፈልግ ሰው ሌላ በር አያጣም። ገና ወንበር ለያዘው ወጣት ሹም ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። በእጃችን የተሰጠን ሰውም ሆነ እንስሳ፣ ካርቶን ከነቅጠሉ አቅርበን ሥራችንን ፈጸምን ማለት ቀላል ነው። ከቆላ የመጣውንና ከደጋ የመጣውን በአንድ ልክ ማስተናገድም ለሠራተኛው ድካም ያቀልለታል። ሚስ ፕሮክተር ግን ሥራቸውን የጀመሩት ከሣጥኑ ሳይሆን በሣጥኑ ውስጥ ከሚኖረው ነው። ዕድሜያቸው ሠላሳ አራት ዓመት ብቻ ነበር፤ በእሳቸው ቤት ያደሩት ፍጥረታት ግን ለዘጠና ዓመታት ያህል በሕይወት የመኖር ዕድል አገኙ።